ካዝና የሌለው መረብ፦ ወደ ዓለም አቀፍ የኢንዱስትሪ ምርምር ትብብር መግባት ምን ይጠይቃል?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር መድረኮች ላይ «ዓለም አቀፍ የምርምርና ሥርጸት መረቦችን መቀላቀል» የሚለው ሐሳብ አዘውትሮ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣውም ከገንዘብ እጥረት ጋር ተያይዞ ነው። አገሪቱ መረቡን ከተቀላቀለች ከአንድ የጋራ ቋት ገንዘብ ይቀዳል፣ ተመራማሪውም ጥሩ የፕሮጀክት ሐሳብ ካቀረበ ድርሻው ይደርሰዋል የሚል ግምት ከጀርባው አለ። ግምቱ ለአንዳንድ መርሐ ግብሮች ይሠራል፤ ለኢንዱስትሪ ምርምር ከተቋቋሙት መረቦች መካከል ዋነኛ ለሆነው ለዩሬካ ግን አይሠራም። ሁለቱን ዓይነት አሠራር ሳይለይ ማመልከቻ የሚጽፍ ተመራማሪ ወራት የፈጀበት ሰነድ በይዘቱ ሳይሆን በከፋይ እጦት ሊወድቅበት ይችላል። ይህ ጽሑፍ የዩሬካን አሠራር መነሻ በማድረግ እንዲህ ያለው መረብ ከሚቀላቀለው አገር፣ ከኩባንያውና ከተመራማሪው ምን እንደሚጠይቅ ያብራራል።

ከፓሪስ እስከ ሃኖቨር

እ.ኤ.አ. በማርች 1983 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በኋላ «የከዋክብት ጦርነት» የሚል ቅጽል የወጣለትን የሚሳይል መከላከያ ዕቅድ ይፋ ሲያደርጉ፣ አውሮፓውያን የታያቸው ወታደራዊው ገጽታ ብቻ አልነበረም። ለዕቅዱ የሚፈሰው የምርምር ገንዘብ በኮምፒውተር፣ በሌዘርና በአዳዲስ ቁሶች ዘርፍ የአሜሪካን ኩባንያዎች አርቆ እንደሚወስዳቸው፣ የአውሮፓን ምርጥ መሐንዲሶችም እንደሚስብ ገምተዋል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ያቀረቡት አጸፋ ለሲቪል ዓላማ የሚውል የቴክኖሎጂ ትብብር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1985 የ17 አገሮች ሚኒስትሮችና የአውሮፓ ማኅበረሰብ ኮሚሽን ተወካዮች በፓሪስ ተሰብስበው ዩሬካን መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በሃኖቨር የወጣው መግለጫም የአሠራሩን መርሖች ደነገገ።

ከመርሖቹ ሁለቱ እስከ ዛሬ የመረቡን ጠባይ ይወስናሉ። የመጀመሪያው፣ የምርምሩን ርእስ የሚመርጠው መንግሥት ሳይሆን ኩባንያው ራሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጋራ በጀት አለመኖሩ ነው። ከሁለት የተለያዩ አባል አገሮች የመጡ፣ አንዱ በሌላው ሥር ያልሆኑ ሁለት ድርጅቶች የጋራ ሥራ ካሰቡ ሐሳባቸውን በየአገራቸው ላለው ብሔራዊ አስተባባሪ ያቀርባሉ። አስተባባሪዎቹ ይገመግሙታል፤ የአባል አገሮቹ ተወካዮች ሲቀበሉትም ፕሮጀክቱ የዩሬካን «ማኅተም» ያገኛል። ማኅተሙ ገንዘብ አይደለም። እያንዳንዱ ተሳታፊ ማኅተሙን ይዞ ወደ ገዛ አገሩ የገንዘብ ምንጭ ይመለሳል፤ የጣሊያኑ ድርጅት በጣሊያን ደንብ፣ የፊንላንዱም በፊንላንድ ደንብ ይከፈለዋል፤ አለዚያም ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ብራስልስ ያለው ጽሕፈት ቤት የሚያስተባብር እንጂ የሚከፍል አካል አይደለም። ሊቀ መንበርነቱም በየዓመቱ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል።

ይህ አሠራር ምን አፈራ? በ1987 የተጀመረው ፕሮጀክት ቁጥር 147 የዲጂታል ሬዲዮ ሥርጭትን ቴክኖሎጂ ወለደ። የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲና የፍራውንሆፈር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በዚሁ ማዕቀፍ ውስጥ ያካሄዱት የድምፅ ማመቂያ ጥናት ደግሞ ኋላ ዓለም ሁሉ ኤምፒ3 ብሎ ያወቀውን መስፈርት ለመፍጠር አስተዋጽኦ አድርጓል። ፕሮሜቴየስ የተባለው የመኪና ቴክኖሎጂ ፕሮጀክት በበኩሉ ግዙፎቹን የአውሮፓ አምራቾች ያሰባሰበ ቢሆንም፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ውጤቱ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። በሙኒክ የጀርመን ጦር ኃይል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤርንስት ዲክማንስና ባልደረቦቻቸው በ1995 በካሜራ የሚያይ መኪና ከሙኒክ ተነሥቶ እስከ ዴንማርክ ደርሶ እንዲመለስ አደረጉ፤ መኪናው አብዛኛውን መንገድ ራሱን እየነዳ ነበር። ብልጫቸው ኩባንያዎቹ ያልነበራቸውን አንድ ነገር፣ ማለትም በፍጥነት የሚለዋወጥን ምስል በቅጽበት የመተንተን ዘዴን ይዘው መገኘታቸው ነው።

የከሸፈም አለ። በ1986 የተጀመረው ፕሮጀክት ቁጥር 95 አውሮፓ ለከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን የራሷ መስፈርት እንዲኖራት የታሰበበት ነበር። በ1992ቱ የአልበርትቪልና የባርሴሎና ኦሊምፒኮች በሙከራ ተሠራጭቶም ታይቷል። ነገር ግን በከፊል አናሎግ በሆነ የሥርጭት ዘዴ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆነው ቴክኖሎጂ ሲደርስ ተትቶ ቀረ። ርእስ መምረጥን ለኩባንያ መተው ጥበብ ነው ሲባል ይህንንም ማስታወስ ይገባል፤ ትልልቅ አምራቾች ተባብረው የሚመርጡት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ የነገውን ሳይሆን እጃቸው ላይ ያለውን ምርት የሚጠብቅ ነው።

ምናባዊ ቋት

የጋራ ካዝና አለመኖሩ የሚያስከትለው ችግር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ፕሮጀክቶች በውድድር ሲመረጡ ነው። ሦስት አገሮች የተሳተፉበት አንድ ፕሮጀክት በገለልተኛ ገምጋሚዎች ዘንድ አምስተኛ ወጣ እንበል። ከሦስቱ የአንደኛዋ አገር ገንዘብ በአራተኛው ፕሮጀክት ላይ ካለቀ፣ የሁለቱ ሌሎች አገሮች ገንዘብ ዝግጁ ሆኖ ሳለ አምስተኛው ይወድቃል፤ ሠላሳኛ የወጣውና ሰፊ በጀት ባላቸው አገሮች መካከል የተዋቀረው ግን ሊያልፍ ይችላል። በዘርፉ ቋንቋ ይህ «ምናባዊ የጋራ ቋት» ይባላል፤ ገንዘቡ በወረቀት ላይ ይደመራል እንጂ ድንበር አይሻገርም።

ለዚህ ችግር ማቃለያ ከተሞከሩት መንገዶች የተሳካው በ2008 የተጀመረው ዩሮስታርስ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርምር ለሚያካሂዱ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አገሮቹ ለሚመድቡት ገንዘብ የአውሮፓ ኅብረት ማሟያ ይጨምርበታል። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ምዕራፍ አባል አገሮቹ 861 ሚሊዮን ዩሮ፣ ኅብረቱ ደግሞ 287 ሚሊዮን ዩሮ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ዩሮ አንድ ማለት ነው። ማሟያው የሚሠራው ሥራ ከመጠኑ ይበልጣል። የአንድ አገር በጀት ቀድሞ ሲያልቅ ክፍተቱን በመድፈን የውጤት ቅደም ተከተሉ እንዲከበር ይረዳል። ደንቦቹም ዓላማውን ያሳያሉ። ፕሮጀክቱ ከ36 ወር አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 24 ወራት ውስጥ ምርቱ ገበያ እንዲደርስ ይጠበቃል፤ አንድ አገር ወይም አንድ ተሳታፊ ብቻውን ከጠቅላላው ወጪ 70 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም። ጥምረቱን የሚመራውም አነስተኛ ወይም መካከለኛ ድርጅት እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

እውነተኛ የጋራ ካዝና ማቋቋም የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ሌላ ምሳሌ ያሳያል። አሜሪካና እስራኤል በ1977 ያቋቋሙት ቢርድ የተባለው ፋውንዴሽን ሁለቱ መንግሥታት እኩል ባዋጡት በድምሩ 110 ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ሀብት ላይ የተመሠረተ ነው። ከሁለቱ አገሮች የተጣመሩ ኩባንያዎችን የፕሮጀክት ወጪ እስከ ግማሽ ይሸፍናል፤ ምርቱ ከተሸጠ ከሽያጩ እየታሰበ ይመለስለታል፣ ካልተሸጠ አይጠየቅም። ይህ ግን የሁለት አገሮች ስምምነት ነው። ከአርባ በላይ አገሮች በተሰባሰቡበት መረብ ውስጥ እያንዳንዱ ፓርላማ የራሱን ግብር ከፋይ ገንዘብ በሌላ አገር ድርጅት ላይ ለማዋል መስማማት ይኖርበታልና ነገሩ እጅግ ይከብዳል።

የተቀላቀሉት ምን ይዘው ገቡ?

ዩሬካ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች በሩን ቀስ በቀስ ከፍቷል። እስራኤል በ2000 አባል ሆነች። ደቡብ ኮሪያ በ2009፣ ካናዳ በ2012፣ ደቡብ አፍሪካ በ2014 በተባባሪ አባልነት ገቡ፤ ኮሪያና ካናዳ በ2022 ወደ ሙሉ አባልነት ተሸጋግረዋል። እነዚህን አገሮች የሚያመሳስላቸው ሀብት አይደለም፤ ለግል ኩባንያ የምርምር ወጪ በሕግ መክፈል የሚችል፣ የሚገመግምና የሚቆጣጠር ተቋም ያላቸው መሆኑ ነው። ካናዳ በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤቷ ሥር ለአነስተኛ ድርጅቶች ድጋፍ የሚሰጥ መርሐ ግብር የጀመረችው በ1962 ነው። እስራኤል የኢንዱስትሪ ምርምርን የሚያበረታታ ሕግ ያወጣችው በ1984፣ ዩሬካን ከመቀላቀሏ 16 ዓመት አስቀድሞ ነበር። ኮሪያም ተባባሪ አባል በሆነችበት በ2009 ዓለም አቀፍ የቴክኖሎጂ ትብብርን ጨምሮ የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ልማትን የሚደግፈውን ኪያት የተባለ ተቋም አቁማለች። መረቡ እነዚህን ተቋማት እርስ በርስ አገናኘ እንጂ አልፈጠራቸውም።

የደቡብ አፍሪካ ሁኔታ ለእኛ የሚቀርብ ሌላ ትምህርት አለው። በመንግሥት ገንዘብ ከተካሄደ ምርምር የሚገኝ አእምሯዊ ንብረትን የሚመለከተው የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 51፣ ውጤቱ ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍ አንድ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት እንዲያየው ያስገድዳል። የሕጉ ዓላማ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ ዕውቀት በከንቱ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። ይሁንና ውጤቱን ቶሎ ወደ ገበያ ማውጣት የሚፈልግ የውጭ አጋር እንዲህ ያለውን ፈቃድ እንደ መዘግየት ሊቆጥረው ይችላል። አጋሩ የምርምሩን ሙሉ ወጪ ከሸፈነ ግን አዋጁ ተፈጻሚ አይሆንም። አንድ አገር ጥበቃውንና መውጫውን አስቀድሞ ደንግጎ ሲጠብቅ ድርድሩ በሕግ ላይ ይቆማል፤ ካልደነገገ ግን እያንዳንዱ መምህር ለብቻው ከውጭ ኩባንያ ጠበቃ ፊት ይቀመጣል።

የኢትዮጵያ ተመራማሪ በየትኛው በር ይገባል?

ኢትዮጵያ የዩሬካ አባል አይደለችም። ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያዊ ድርጅት በዩሬካ ፕሮጀክት ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ከአባል አገሮች የሚጠበቀው ዝቅተኛ ቁጥር ከተሟላ፣ አባል ካልሆነ አገር የመጣ ድርጅት ወጪውን ራሱ ችሎ መጨመር ይችላል። «ራሱ ችሎ» የሚለው ቃል ነው በሩን የሚያጠብበው።

ሌላው በር ሰፊ ነው። ከ2021 እስከ 2027 በሚዘልቀው የአውሮፓ ኅብረት የምርምር መርሐ ግብር፣ በሆራይዘን አውሮፓ፣ ኢትዮጵያ ተቋማቷ ከኅብረቱ በቀጥታ ገንዘብ ሊያገኙ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። ይህ እውነተኛ የጋራ ቋት ነው። እንደ መደበኛ ደንብ፣ በጥምረቱ ውስጥ ከተለያዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተጓዳኝ አገሮች የመጡ ቢያንስ ሦስት ተቋማት ሊኖሩ ይገባል፤ ከእነዚህም አንዱ የግድ ከአባል አገር መሆን አለበት። ኢትዮጵያዊው ተቋም ከሦስቱ እንደ አንዱ አይቆጠርም፤ በሦስቱ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ጥያቄው «ማመልከት እንችላለን ወይ?» ሳይሆን «ሦስቱ ተቋማት እኛን ለምን ይጨምሩናል?» የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «የመስክ መረጃ ለመሰብሰብ» ነው፤ ደካማ መልስ ይመስለኛል። መረጃ ሰብሳቢ በሌላ መረጃ ሰብሳቢ ይተካል።

ጠንካራ መልስ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ የታሰበ ምሳሌ ከቆዳ ዘርፍ እንውሰድ። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ በቀጭንነቱና በጥንካሬው በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ሦስት ጨው ሲሆን፣ ይህ ጨው በሙቀት፣ በድርቀትና ለማለስለሻ በሚገቡ አንዳንድ ቅባቶች ምክንያት በመጋዘንና በጉዞ ላይ ወደ ጎጂው ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከሰው ቆዳ ጋር የሚነካኩ የቆዳ ምርቶች በአንድ ኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም ያላነሰ ክሮሚየም ስድስት ከያዙ ወደ ገበያ እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ አንድ የአገራችን ቆዳ ፋብሪካ፣ አንድ የአውሮፓ ጓንት አምራች፣ አንድ የቅባት ኬሚካል አቅራቢና አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የጋራ ችግር አላቸው፤ ፋብሪካው ገበያውን፣ ጓንት አምራቹ ጥሬ ዕቃውን፣ ኬሚካል አቅራቢው ደንበኛውን ሊያጡ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ለውጡ በየትኛው የምርት ደረጃ ላይ እንደሚጀምር ቢለካ፣ ከዕፅዋት የሚወጡ ፀረ ኦክሳይድ ውሕዶች በማለስለሻው ቅባት ውስጥ ገብተው ምን ያህል እንደሚገቱት ቢያሳይ፣ ለአራቱም የሚጠቅም ውጤት ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ተሳታፊ መተካት አይቻልም፤ በጉ እዚህ ነው፣ ፋብሪካውም እዚህ ነው።

በዚሁ ዘርፍ ኢትዮጵያ ከዚህ ቀደም የሞከረችው ትብብር ሌላ ዓይነት ነበር። የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት በቼናይ ካለው የሕንድ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር የመንትያነት ስምምነት ነበረው። ባለሙያ ለማሠልጠን እንዲህ ያለው ስምምነት ከመረብ ይልቅ ሳይሻል አይቀርም። በዋናነት አንዱ የሚያስተምርበት ሌላው የሚማርበት ግንኙነት ስለሆነ ግን፣ በውጤቱ ላይ የጋራ ባለቤትነት የመጠየቅን ልምድ አያስተምርም።

ምሳሌያችንን ወደ ሒሳብ ክፍሉ ስንወስደው ሌላ ጣጣ ይገጥመናል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ በጥር ወር የሚጀምር የ36 ወር ፕሮጀክት አራት የበጀት ዓመቶችን ይነካል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ለብቻው ሊያዝ ይችላል፤ ከአገር ውስጥ ይዋጣል ተብሎ የተፈረመበት ድርሻ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ራስ ገዝ መሆን በዚህ ረገድ ተስፋ ሰጪ ነው፤ የተፈተነ መፍትሔ ነው ለማለት ግን ገና ነው። በሆራይዘን አውሮፓ የተለመደው ሥሌት ከቀጥታ ወጪ 25 በመቶው ለተቋሙ ተዘዋዋሪ ወጪ እንዲታሰብ ስለሚፈቅድ፣ ይህን ገንዘብ ሒሳቡን ለሚይዝና ሪፖርቱን ለሚያዘጋጅ ባለሙያ ማዋል ከመጀመሪያው ቢታቀድ ይበጃል። ብዙ ጊዜ ይህን ሸክም የሚሸከመው ዋናው ተመራማሪ ራሱ ነው፤ የሚጎዳውም ምርምሩ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የድኅረ ምረቃ ተማሪውን በቀጥታ ይነካል። በእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት እያንዳንዱ ወገን ይዞት የሚመጣው ነባር ዕውቀት በዝርዝር ይመዘገባል፤ አዲሱ ውጤት ያፈለቀው ወገን ይሆናል፤ የማንነቱ ድርሻ የማይለይ ከሆነ የጋራ ነው። ባዶ ዝርዝር አቅርቦ የፈረመ ቤተ ሙከራ፣ የዓመታት ናሙናውና የመለኪያ ዘዴው ከፕሮጀክቱ በፊት የእርሱ እንደነበር ኋላ ማስረዳት ይቸግረዋል። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ደግሞ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ የተገለጠ ፈጠራ አዲስነቱን ያጣል፤ መግለጫው የፈጣሪው የራሱ ጽሑፍ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ የቀረበ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የመረጃ ቋት የተቀመጠም ቅጂ እንደ መግለጫ ይቆጠራል። በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት ደስካ የተባለው የስምምነት ሞዴል ለኅትመት የታሰበ ጽሑፍ 45 ቀን አስቀድሞ ለአጋሮች እንዲላክ፣ ተቃውሞ ያለውም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ከዚህ ጎን ለጎን ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በወቅቱ እንዲያቀርብ አጋሮቹ እንዲተባበሩ ይጠይቃል። በግንቦት መጨረሻ ጽሑፉን ለመከላከል ያሰበ ተማሪ እንግዲህ በሚያዝያ አጋማሽ ሙሉ ረቂቁን ለፋብሪካውና ለጓንት አምራቹ ልኮ መጨረስ ይኖርበታል፤ አማካሪውም ይህን ቀን ከትምህርት ክፍሉ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ማስማማት ያለበት ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ነው።